ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅ

የከተማ ምክር ቤት አባላት፣ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ነጋዴዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሁላችሁም እንደምን አመሻችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ታሪካዊ የሆኑ የትናንሽ ከተሞችን መሃል በቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም ሱቅን፣ ሥራንና መኖሪያን አንድ ላይ በማድረግ፣ መልሶ ማልማት የሚል ነው። ሰፊ ርዕስ ነው። እኔ ግን ዛሬ አጥብቄ የምከራከርለት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ አሮጌ መሃል ከተማ የሚያንሰራራው ሰው ተመልሶ ሲኖርበት ነው። ገበያተኛም ጎብኚም ይምጣ፣ እሰየው። ከተማውን የሚያቆመው ግን እዚያው የሚያድረው ሰው ነው። የድንጋይ ንጣፉ፣ የመንገድ መብራቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የአበባ መደቡ ሁሉም ደስ ይላል። ከሱቆቹ በላይ ያሉት ክፍሎች ባዶ ከሆኑ ግን ምረቃው ካለፈ በኋላ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ይዘጋሉ።

አንድ መሃል ከተማ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ብዙ ጥናት አያስፈልግም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዋናው መንገድ ላይ ቁሙና ቀና በሉ። ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ስንት መስኮት ይበራል? በብዙ አሮጌ ከተሞች መልሱ “አንድም” ነው። ከታች ሱቅ አለ፣ ከላይ ጨለማ፣ አቧራ፣ እርግብ። ባለቤቱ ግብር የሚከፍለው፣ ጣራ የሚጠግነው ለሙሉው ሕንፃ ነው፤ ኪራይ የሚሰበስበው ግን ከአንድ ሦስተኛው ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ቀስ እያለ ባለቤቱን ያከስራል፤ ባለቤቱ ሲከስር ጥገናው ይቆማል፤ ጣራው ሲያፈስ ደግሞ የታችኛው ሱቅም አይተርፍም።

ነጋዴውም ቢሆን ደንበኛ የሚፈልገው በአንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ ከሥራ ሲወጣ ይሄዳል። ጎብኚ በወቅቱ ይመጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይጠፋል። ከላይ የሚኖር ሰው ግን ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል፣ እሑድም አለ። ሳሙና ሲያልቅበት፣ ልጁን ሲያመው፣ ጫማው ሲቀደድ የሚሄደው ቅርቡ ወዳለው ሱቅ ነው። ስለ ከተማ ሕይወት የጻፈችው ጄን ጃኮብስ በ1961 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ ሰፈር ሕይወት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ ብላ ነበር፤ የተለያየ ዋና አገልግሎት፣ አጫጭር መንገዶች፣ በዕድሜ የተለያዩ ሕንፃዎች እና በቂ የሰው ብዛት። በዕድሜ የገፉ ሕንፃዎችን የፈለገቻቸው ለውበታቸው አልነበረም። ወጪያቸው የተከፈለ፣ ኪራያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ገና ጀማሪ የሆነ ንግድ የሚገባበት ቦታ እነሱ ብቻ ናቸው ብላ ነው።

ቅይጥ አገልግሎት ለአሮጌ ከተማ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እነዚያ ጠባብ ፊት ያላቸው፣ ወደ ውስጥ ረጃጅም የሆኑ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃዎች ሲሠሩ ከታች ሱቅ፣ ከጀርባ ማከማቻ ወይም ወርክሾፕ፣ ከላይ የባለሱቁ ቤተሰብ ወይም ተከራይ እንዲይዙ ሆነው ነው። መነጣጠሉ የመጣው በኋላ፣ በሕግና በመንገድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 ዩክሊድ በተባለችው የኦሃዮ መንደር ጉዳይ የመሬት አጠቃቀምን በቀጠና መክፈል ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ጭስ የሚተፋ ፋብሪካ ከመኖሪያ ቤት እንዲርቅ ነበር። ነገር ግን መለያየቱ እየሰፋ ሄዶ ሱቅና መኖሪያም በአንድ ጣራ ሥር እንዳይሆኑ የሚከለክሉ ደንቦች ወጡ። ዛሬ በብዙ ቦታ እነዚያን ታሪካዊ ሕንፃዎች እንዳሉ ልሥራ የሚል ሰው የግንባታ ፈቃድ አያገኝም። ከተማው የሚኮራበትን መንገድ የከተማው ደንብ ራሱ ይከለክለዋል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚያ መኪናው መጣ። 1956 ሁለት ነገሮች የገጠሙበት ዓመት ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የኢንተርስቴት አውራ ጎዳናዎችን ሕግ አጸደቀ፤ በሚኒሶታዋ ኢዳይና ደግሞ ሳውዝዴል የተባለው፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነና ሙቀቱ በመሣሪያ የሚስተካከል የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ተከፈተ። የሳውዝዴል አርክቴክት ቪክቶር ግሩን የቪየና ልጅ ነበር። ሐሳቡ ገበያውን በመኖሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤት፣ በሕክምና ተቋም፣ በመናፈሻ መክበብ ነበር፤ የተሠራው ግን ሱቁና ፓርኪንጉ ብቻ ነው። ግሩን በኋላ ከነዚህ ማዕከሎች ራሱን አራቀ። ይኸው ሰው ለሚሺጋኗ ካላማዙ መሃል ከተማም ዕቅድ አውጥቶላት ነበር። ከዕቅዱ ትልቁ ክፍል ሳይሠራ ቀርቶ፣ ዋናው መንገድ ብቻ በ1959 ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተሰጠ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። በ1998 ግን መኪና ተመልሶ ገባበት። መንገዱን ስለዘጉ ብቻ ሕይወት አይመጣም። የስፔኗ ፖንቴቬድራ ከ1999 ጀምሮ መሃሏን ለእግረኛ ስትሰጥ የተሳካላት ሰው እዚያው መሃል ላይ ስለሚኖር ጭምር ነው። ከላይ ከሚኖሩበት ቤት ወርደው የሚረግጡት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃው ውስጥ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የላይኛው ፎቅ ለምን ባዶ ሆነ ብላችሁ ባለቤቱን ብትጠይቁት “ተከራይ የለም” ይላችኋል። ገብታችሁ ስታዩ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ደረጃ የሌለው ፎቅ ነው። ድሮ ከሱቁ በር አጠገብ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሌላ ጠባብ በር ነበረ፤ ከኋላው አንድ ሜትር የማይሞላ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ባለሱቁ ንግዱን ሲያሰፋ ያቺን አንድ ሜትር ፈለጋት። ደረጃው ፈረሰ፣ በሩ ተደፈነ፣ በቦታው የሱቅ መስተዋት ገባ። ከውጭ ሆናችሁ ብታዩት ግድግዳው ላይ የቀረ የበሩ ቅስት አለ፤ ከውስጥ የመደርደሪያው ጀርባ ላይ የደረጃው ጥላ በልስኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ታትሞ ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው በሱቁ ውስጥ አልፎ ነው። ሱቁ ሲዘጋ በሩ ይቆለፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ማን ይከራያል?

ደረጃውን መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። የዛሬው የእሳት አደጋ ደንብ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ መውጫ ይጠይቃል፤ በሱቁና በመኖሪያው መካከል እሳት ለተወሰነ ሰዓት የሚያቆይ ጣራ ይጠይቃል። ስድስት ሜትር ስፋት ባለው ሕንፃ ሁለት ደረጃ ከገባ ለመኖሪያ የሚተርፈው ምንድን ነው? ብዙ ባለቤት ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ አይፈረድበትም። መፍትሔው ያለው ከጎረቤት ጋር ሲሆን ነው። ሦስት ወይም አራት ተያይዘው የቆሙ ሕንፃዎች በጋራ ግድግዳቸው ላይ በር ከፍተው አንድ ኮሪደር ካበጁ፣ ለሁሉም ሁለት ደረጃ እና አንድ ሊፍት ይበቃል። ወይም ከጀርባ በኩል የጋራ ሰገነት ተሠርቶ ደረጃው ከግቢ ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሲሚንቶና ከብረት በፊት ውል ነው፤ ማን ያጸዳል፣ ማን ይጠግናል፣ አንዱ ሕንፃውን ቢሸጥ የመተላለፊያ መብቱ ለገዢው ይተላለፋል ወይ የሚለው በይዞታ ማረጋገጫው ላይ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ማዘጋጃ ቤት ጥሩ የውል ሰነድ አዘጋጅቶ ባለቤቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጣቸው ከብዙ ሐውልት የበለጠ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ሕንፃውን ስንጠግን የምናጠፋውን ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም። አሮጌ ጡብ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ይለቃል። ግድግዳው የጠጣው ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ተንኖ ይወጣል፤ ዘመን የሚያበላሸው ኖራውን ነው፤ ኖራው ሲያልቅ እንደገና ይሞላል። ይህን ባለማወቅ መጋጠሚያውን በጠንካራ ሲሚንቶ ስንሞላው መውጫው ይዘጋል። ውሃው በጡቡ በኩል መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ከነጨው ይወጣል፣ ብርድ ባለበት አገር ጡቡ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምታዩት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጡብ እና ወደ ውጭ ያፈጠጠ የሲሚንቶ መስመር ነው። ጡቡን አንዴ ካጣነው አንመልሰውም። ስለዚህ ጨረታ ስታወጡ የማያያዣው ዓይነት በስም ይጻፍ፤ ለግንበኛው አይተውለት።

ገንዘቡስ? ብዙ ስብሰባ የሚበተነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በግልጽ እናስላው። እንበልና አንድ ባዶ ሕንፃ ለማደስ መቶ ብር ይፈጃል። ሲያልቅ ግን በአካባቢው ያለው ኪራይ ዝቅተኛ ስለሆነ የባንኩ ገማች ሰባ ይለዋል። ባንኩ የሚያበድረው ከሰባው ላይ የተወሰነውን ነው፤ ሃምሳ ገደማ። ቀሪው ሃምሳ ከየት ይምጣ? ባለቤቱ ሃያ አለው ብንል ሠላሳው ክፍት ነው። አልሚ ወደ አሮጌ መሃል ከተማ የማይመጣው ታሪክ ስለሚጠላ አይደለም፤ ይህ ክፍተት ስላለ ነው። ከከተማው ዳር ባዶ መሬት ላይ ሲሠራ ክፍተቱ የለም።

አሜሪካኖቹ ለዚህ ያበጁት መሣሪያ የግብር ቅናሽ ነው። ገቢ የሚያስገኝና በታሪካዊነቱ የተመዘገበ ሕንፃን በተቀመጠው የጥበቃ መስፈርት ለሚያድስ ሰው፣ ብቁ ከሆነው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል የገቢ ግብሩ ይቀነስለታል። ቅናሹ 20 በመቶ እንዲሆን የተወሰነው በ1986 የግብር ማሻሻያ ነው። በምሳሌያችን ሃያው ብር በዚህ ይሸፈናል። የቀረውን አሥር ከተማው ራሱ መፈለግ ይችላል፤ በእድሳቱ ምክንያት የጨመረውን የቤት ግብር ለተወሰኑ ዓመታት ሳይሰበስብ ይተወዋል፣ ወይም ሲመለስ ለሌላ ሕንፃ የሚዞር አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር ያቋቁማል። ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ይዛለች። በ2018 አክሲዮን ኬር ደ ቪል በተባለው ፕሮግራም ለ222 መካከለኛ ከተሞች በአምስት ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ መደበች፤ ከዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ የያዘው በመሃል ከተማ ያሉ ቤቶችን ማደስ ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚነግሩን ነገር ቢኖር ክፍተቱ በስብከት እንደማይሞላ ነው። አንድ ሰው ሠላሳውን መክፈል አለበት።

መንግሥት ብቻም አይደለም የሚከፍለው። በጃፓን ቢዋ ሐይቅ ዳር ያለችው ናጋሃማ መሃሏ ከመሞቱ የተነሳ እሑድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ በመንገዱ ያለፉት አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ነበሩ እየተባለ ይወራላታል። “ጥቁር ግድግዳ” እየተባለ የሚጠራ በ1900 የተሠራ የድሮ ባንክ ሕንፃ ሊፈርስ ሲል፣ በ1988 ከተማው እና የአካባቢው የግል ድርጅቶች ተጋርተው ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሕንፃውን ገዝተው የመስታወት ጥበብ መሥሪያና መሸጫ አደረጉት። ከዚያ በአካባቢው ያሉ ባዶ ቤቶችን አንድ በአንድ እየያዙ ማደስ ቀጠሉ። እኔን የሚማርከኝ መስታወቱ ሳይሆን የኩባንያው አመሠራረት ነው። ትርፉን ለመቀበል ዓመታት መጠበቅ የሚችል ገንዘብ፣ ከተማውን ትቶ ከማይሄድ ሰው የመጣ ገንዘብ። ከሩቅ የመጣ አልሚ እንዲህ አይታገሥም።

ባዶ ቦታዎችም አሉ። ሕንፃ ፈርሶ ፓርኪንግ የሆነበት፣ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ የሚታይ መንገድ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ላይ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ አሮጌውን አስመስሎ መሥራት ግዴታ አይደለም፤ አሮጌ መስሎ የቀረበ አዲስ ሕንፃ እንዲያውም ያልሆነውን ይነግረናል። መጠበቅ ያለበት ልኩ ነው። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይነሳ፤ ቁመቱ ከጎረቤቶቹ ብዙ አይራቅ፤ በየጥቂት እርምጃው በር ይኑረው፤ የመጀመሪያው ወለል ጣራ ከፍ ያለ ይሁን፤ ዛሬ ሱቅ የሆነው ነገ ክሊኒክ ወይም ወርክሾፕ እንዲሆን። ፓርኪንጉ ወደ ኋላ ይሂድ። ለእያንዳንዱ ቤት ይህን ያህል መኪና ማቆሚያ የሚል ደንብ ካለ ደግሞ ለመሃል ከተማ ይነሳ። በኒውዮርክ ግዛት ያለችው በፋሎ በ2017 በመላ ከተማዋ አንስታዋለች። ይህ ደንብ ባለበት አንድን ሕንፃ ለማዳን ጎረቤቱን ማፍረስ የግድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራል የሚለው ላይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ትረስት በ1977 ሦስት ትናንሽ ከተሞችን መርጦ ነበር፤ የኢሊኖይዋን ጌልስበርግ፣ የሳውዝ ዳኮታዋን ሆት ስፕሪንግስ እና የኢንዲያናዋን ማዲሰን። በእያንዳንዳቸው ሥራው ይህ ብቻ የሆነ አንድ አስተባባሪ ተቀመጠ። ከባለቤቱ ጋር ጣራ ላይ ይወጣል፣ ከባንኩ ጋር ይቀመጣል፣ ነጋዴዎቹ ሰዓታቸውን አስማምተው እንዲከፍቱ ይለምናል። ከሙከራው የተወሰደው ትምህርት በ1980 ብሔራዊ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬም አለ። በብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ይህ ሥራ ለአምስት ክፍሎች ተበታትኖ የማንም አይደለም። ገንዘብ ከማፈላለጋችሁ በፊት አንድ ሰው መድቡ። የመጀመሪያ ሥራው መዝገብ ይሁን፤ በመሃል ከተማው ያለ እያንዳንዱ ሕንፃ የላይ ፎቁ ስንት ካሬ ሜትር ነው፣ ደረጃ አለው ወይስ የለውም፣ ጣራው ያፈሳል ወይ፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ወራሾቹስ ተስማምተዋል ወይ። ይህ መዝገብ ያለው ከተማ አልሚ ሲመጣ የሚያሳየው አለው።

በመጨረሻ ማንም ሊያነሳው የማይወደውን አነሳለሁ። ሥራው ከተሳካ ኪራይ ይጨምራል። ዛሬ እዚያ ያሉት ጫማ ሰፊው፣ አሮጊቷ ተከራይ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሌላ ማንም በማይፈልገው ጊዜ መንገዱን ያልተዉት ሰዎች፣ ሰው መፈለግ ሲጀምር እነሱ ይወጣሉ። ወይም ከላይ ያሉት የታደሱ ክፍሎች በአዳር ለጎብኚ ይከራዩና መስኮቱ ይበራል፣ ነዋሪ ግን የለም። የቬኒስ አሮጌ ከተማ በ1951 ወደ 175,000 ነዋሪ ነበረው፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ሕንፃዎቹ ግን አሉ፣ ያውም ተጠብቀው።

ቦሎኛ በ1973 ሌላ ነገር ሞክራለች። ለሕዝብ መኖሪያ የተመደበውን ገንዘብ ከከተማው ዳር አዲስ ሕንፃ ከመገንባት ይልቅ በታሪካዊው መሃል ያሉ ቤቶችን ለማደስ አዋለችው። ነዋሪው ቤቱ እስኪታደስ ለጊዜው ሌላ ቦታ ያርፋል፣ ሲያልቅ ይመለሳል የሚል መርህ ያዘች። የግል ባለቤቶችን መውረስ ተቃውሞ ሲገጥመው፣ ከተማዋ በውል መጣች፤ ለእድሳቱ ድጋፍ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ኪራዩን በተስማማንበት ልክ ታቆያለህ፣ ነባሩን ተከራይ ትመልሳለህ። ውጤቱ ከታሰበው ያነሰ ነበር የሚሉ አሉ፤ መነጋገር ይቻላል። ውሉ ግን ትክክለኛ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላትን የምለምነው ይህን ነው። የመጀመሪያው የእድሳት ድጎማ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያው ግብር ሲቀር፣ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የላይኛው ፎቅ ለተወሰኑ ዓመታት ለቋሚ ነዋሪ እንጂ በአዳር እንዳይከራይ፣ ነባር ተከራይ ቅድሚያ እንዲኖረው፣ የኪራዩ ጭማሪ ጣሪያ እንዲኖረው። ባለቤቱ የሚፈርመው ድጋፉን ከማግኘቱ በፊት ነው፤ ድጋፉን ከተቀበለ በኋላ ምንም የምትይዙት የለም። የዓመቶቹን ብዛት፣ የጭማሪውን ልክ አብረን እንነጋገርበት። የሕንፃ ባለቤቶች የፊት ወንበር ላይ ስላላችሁ ከእናንተ ብንጀምርስ?